በረኪናና አሲድ

ከሚዛን ወደ ሸዋ ቤንች በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ከፊቴ ያለችው ልጅ አልጋ ቤት ነው የምታጸዳው፤ ከሐኪም እየተመለሰች ነው፣ ሳሉ በቅጡ አያስወራትም። አጠገቧ እትዬ የምትላቸው ጎረቤቷ ተቀምጠዋል።

"ምን አለሽ ሐኪሙ?"

"በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ አትቀላቅዪ አለኝ። ደረትሽን የበላው ጭሱ ነው አለ።"

"ሳይቀላቀል ይነጣል እንዴ?"

"እኔም እንደዛ ነበር የሚመስለኝ።"

"ወተት አልጠጣሽበትም?"

"ስንቴ! ወተቱ ወደ ሆድሽ ነው የሚሄደው፣ የታመመው ሳንባሽ ነው አለኝ።"

"አሠሪሽስ?"

"ገብታ ዓይኗን ካላቃጠላት አልጸዳም፣ ድገሚው ነው የምትለው።"

"ታዲያ ነገ እንዴት ልትሆኚ ነው?"

"በሳሙና ፈትጌ አጥበዋለሁ። በረኪናውን ብቻውን በሩ ላይ ጠብ አደርግላታለሁ፤ እሷ የምትፈልገው ሽታውን ነው።"

"ካወቀችብሽስ?"

"ታባርረኛለች። እየሳልኩ ብቀጥልም ታባርረኛለች፤ እንግዶቼን አስደነገጥሽብኝ ብላለች።"



"እኔ እኮ ክረምት በመጣ ቁጥር ለግድግዳው ሻጋታ እሱኑ ነው የምቀላቅለው።"

"የት ሆነው?"

"እዛው ጓዳ፣ በር ዘግቼ። የልጅ ልጄን አዝዬ።"

"ይተዉት፣ እትዬ።"

"ሻጋታውስ?"

"ሻጋታው ይክረም።"

እኔም ጠዋት ሁለቱን ቀላቅዬ ሽንት ቤት ያጠብኩበትን እጄን አሸተትኩና መስኮቱን ከፈትኩት።