ሳይሸጡ የተገዙ

ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከፓርክ ሂል ሰፈር ወደ አውሮራ በሚሄደው የኮልፋክስ ጎዳና አውቶቡስ ላይ፣ ከፊቴ አንዲት አስታማሚና አንድ ሽማግሌ ያወራሉ።

«የማስታምማት አሮጊት የፖርቶ ሪኮ ደሴት ሰው ናት፤ አገሬ ልሙት ትላለች።»

«ትሂዳ! አሜሪካ አይደል? ፓስፖርት እንኳ አትጠየቅም!»

«ከሄደች የምትኖርበት የመንግሥት ድጎማ ይቋረጥባታል፣ አባባ። ደሴቷ ግዛት ናት።»

«ኮሎራዶም ግዛት ናት እኮ!»

«ኮሎራዶ ፕሬዚዳንት ትመርጣለች። የደሴቷ ነዋሪዎች ዜጋ ሆነውም አይመርጡም።»

«ሳይሸጡ የተገዙ በይኛ፣ ልጄ!»

«እዚህ ስትሆን ድጎማውም ምርጫውም አላት። ባሏ ግን እዚያ ነው የተቀበረው። ትናንት ‹ስሞትስ እንድመለስ ይፈቅዱልኛል?› ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«ሬሳ ድጎማ አይቋረጥበትም አልኳት። ሳቀች።»

ወደ ባለቤቴ መቃብር ለመሄድ የምወርድበት ፌርማታ ሲደርስ፣ አውቶቡሱን የሚያስቆመውን ገመድ ለመሳብ እጄ አፈረ።