መምህር አትናቴዎስ ዓምደ ሚካኤልና የአንገት ክንብንብ ጥያቄ

በዚህ ደብር ዐጸድ ከእኛ ጋር የቆማችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው መምህር አትናቴዎስ ዓምደ ሚካኤል እንዴት እንደኖሩ በአጭሩ ይነበባል። የሠሩት መልካም ነገር ይነገራል፤ የሠሩት አንድ ስሕተትም ከነማረሚያው ይነገራል።

መምህር አትናቴዎስ ከአባታቸው ከቄስ ዓምደ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ በ1953 ዓ.ም. በቀየት አካባቢ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከወለዷቸው ስድስት ልጆች ለአካለ መጠን የደረሱት እርሳቸውና ታናሽ ወንድማቸው ብቻ ናቸው። አባታቸው በመቅደስ እንዲተኳቸው ስለፈለጉ በስምንት ዓመታቸው ወደ ግሼ ተልከው ራቤል አጠገብ ከነበሩ የኔታ ዘንድ ንባብና ዜማ ተማሩ።

የዚያ ዘመን ችግር የደረሰበት ያውቀዋል፤ እዚህ አይዘረዘርም። አንድ ነገር ግን ለታሪኩ ስለሚያስፈልግ ይነገራል። የቆሎ ተማሪ ምግቡን የሚያገኘው ከቤት ቤት እየዞረ ለምኖ በመሆኑ ከሁሉ በፊት የሚቀበለው የየደጁ ውሻ ነበር። መምህር አትናቴዎስ በመጀመሪያው ወር ግራ ባታቸውን ተነክሰው አሥራ ሁለት ቀን ተኙ። ሲነሡ አንድ ከፍ ያለ ተማሪ ጠርቷቸው፣ «አንተ፣ ለምን ትሮጣለህ? ከሮጥህ ተበላህ። ደበሎህን ከአንገትህ ዙሪያ በሁለት እጅህ ዘርጋውና ቁም። ውሻ የሚፈራው ስፋትህን ነው» አላቸው። የበግ ለምዳቸውን ዘረጉ፤ ቆሙ፤ ውሻውም ጮኾ ጮኾ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት በዚህ ዘዴ ኖሩ።

በ1968 ዓ.ም. በአሥራ አምስት ዓመታቸው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ገቡ። ቄስ ዓምደ ሚካኤል እጅግ ቢያዝኑም አልረገሟቸውም። በዓመት ሁለት ሁለት ክፍል እያለፉ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሱ በኋላ አዲስ አበባ በሚገኝ የመምህራን ኮሌጅ ባዮሎጂ አጠኑ። በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት አንድ ቀን የአውስትራሊያ እንሽላሊት ሥዕል አገኙ። ይህ እንሽላሊት በአንገቱ ዙሪያ የታጠፈ ሰፊ ቆዳ አለው፤ ጠላት ሲመጣበት አፉን ከፍቶ ያን ቆዳ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋዋል። በሚቀጥለው ገጽ ደግሞ ከራስ ቅሉ በስተኋላ ሰፊ የአጥንት ክንብንብ የነበረው ባለ ሦስት ቀንድ ዳይኖሰር ተሥሎ ነበር። መምህር አትናቴዎስ አጠገባቸው ለነበረው ጓደኛቸው፣ «ይህን ሥራ እኔ አውቀዋለሁ» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአንገት ክንብንብ በእንሽላሊትም ሆነ በዳይኖሰር ላይ የበቀለው ለማስፈራራት ብቻ ነው ብለው አመኑ፤ በሰውነታቸው ላይ ያዩት ነበርና ማንም ሊያስለውጣቸው አልቻለም።

በ1980 ዓ.ም. ዘመሮ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመድበው እስከ ጡረታቸው ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አስተማሩ። በ1983 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሙሉመቤት ጋር በቁርባን ተጋብተው ቤተልንና በዕውቀቱን ወለዱ። የዳይኖሰሩን ራስ ከነክንብንቡ ከጭድና ከጭቃ ሠርተው በቤተ ሙከራው መስኮት አጠገብ አቁመውት ስለነበር፣ ለገበያ የመጣ ገበሬ ሁሉ ጎራ እያለ፣ «መምህር፣ ይሄ ደግሞ የየት አገር በሬ ነው?» ይላቸው ነበር። እርሳቸውም፣ «በሬ ሳይኖር የነበረ ነው፤ አይታረስበትም» ብለው ይመልሱ ነበር። ንግግራቸው ከዚህ አይረዝምም። ነገር ግን በእርሳቸው እጅ ያለፉ ሐኪሞች፣ የእርሻ ባለሙያዎችና መምህራን ዛሬ በዚህ ሕዝብ መካከል ቆመዋል።

በ1998 ዓ.ም. ለአሥረኛ ክፍል ባወጡት ፈተና ላይ የክንብንብን ጥቅም ጠየቁ። የምሥራች አወቀ የምትባል፣ ከቀየት ገጠር ስንቋን ይዛ ዘመሮ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ፣ «ለማስፈራራት ብቻ አይመስለኝም፤ ለራሱ ወገን መታያም ይሆናል» ብላ ጻፈች። ከአምስት ዜሮ ሰጧት። ልጅቱም ወረቀቱን ይዛ ተነሣችና፣ «ቲቸር፣ እኛ ቤት ቀበሮ የሚበላው ጠቦቱን ነው። ቀንድ የሚያወጣው ግን አውራው ነው። ለጠላት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ለጠቦቱ አይበቅልም ነበር? ይህስ ዳይኖሰር ክንብንቡ ከልጅነቱ ነበረው ወይ?» አለቻቸው። መምህር አትናቴዎስ የዳይኖሰሩን ልጅነት ጠይቀው አያውቁም ነበር። መልስ ያጣ ሰው የሚያደርገውን አደረጉ። «ቁጭ በይ! ካንቺ በግና ከእኔ መጽሐፍ የቱ ይበልጣል?» አሏት። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ልጆቹ «የበግ ፕሮፌሰር» እያሉ ስላስቸገሯት በሳምንቱ ስንቋን ሸክፋ ወደ አባቷ ቤት ሄደች፤ አልተመለሰችም።

መምህር አትናቴዎስ ጥያቄዋ አላስቀምጥ ስላላቸው ለቀድሞ የኮሌጅ መምህራቸው ደብዳቤ ጻፉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣው መልስ የተባዙ ገጾች ነበሩበት። በሞንጎልያ በረሃ የተገኘ፣ በግ የሚያህል ዳይኖሰር የራስ ቅሎች ከጫጩቱ እስከ ጎልማሳው በተርታ ተሥለው ነበር። ጫጩቱ ክንብንብ አለው ለማለት አይቻልም፤ እየሰፋ የሚሄደው ለአቅመ መራባት ሲደርስ ነው። ልጅቱ ያላየችውን አጥንት በግ አይታ አውቃው ነበር። መምህር አትናቴዎስ ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከተበዳይ ደጅ ይቆማል፤ ይህ ግን ለደም ወይም ለድንበር እንጂ ለፈተና ወረቀት ሲደረግ ታይቶ አይታወቅም። መምህር አትናቴዎስ የልጅቱን ሰፈር ሲቃረቡ ከወንዝ ዳር ድንጋይ አንሥተው ተሸከሙ። ከገበያ የሚመለስ ሰው አይቷቸው ደንግጦ፣ «መምህር! ምነው? ሰው ገደሉ እንዴ?» ቢላቸው፣ «አልገደልኩም፤ ዜሮ ሰጠሁ» ብለውት አለፉ። የልጅቱ አባት አቶ አወቀ ከደጃቸው ቆመው ባዩአቸው ጊዜ፣ «ኧረ በማርያም! ይጣሉት መምህር፣ ይጣሉት! ልጅ አይደለች እንዴ?» ብለው ለመኗቸው። እርሳቸው ግን፣ «የበደልኩት እርስዎን አይደለም። እርሷ ትበል» ብለው ጎንበስ እንዳሉ ቆሙ። የምሥራች ከበሩ መቃን ኋላ ቆይታ ወጣችና፣ «ይጣሉት ቲቸር። አምስቷን ማርክ ግን እፈልጋታለሁ» አለች። ድንጋዩ ወደቀ። ሰኞ ጠዋት የምሥራች ወደ ትምህርቷ ስትመለስ በክፍሉ ፊት ማርኳን አስተካክለው፣ ትክክለኛዋ እርሷ እንደ ነበረች ተናገሩ። ወይዘሪት የምሥራች ዛሬ በራቤል የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ እዚህም አለች።

መምህር አትናቴዎስ ባለፉት ሁለት ዓመታት በልብ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ በሕክምናም ሲረዱ ሰንብተው፣ በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ሊያርፉ ሲቃረቡ ይህ ሁሉ እንዲነበብ አዘዙ። ወይዘሮ ሙሉመቤት፣ «ሰው ሲሸኝ ጥሩ ጥሩው ነው የሚነገረው፤ ምን ነካህ?» ቢሏቸው፣ «ጥሩውን እናንተ ጨምሩበት፤ ይህን ግን እንዳታወጡት። ከየምሥራች ክፍል በፊት ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ያንኑ ስሕተት አስተምሬያለሁ። ያን የተማሩት ሁሉም በየአገሩ ናቸው፤ አንድ ላይ የማገኛቸው ለቀብሬ ሲመጡ ብቻ ነው» አሉ።

ስለዚህ ከ1980 እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ በመምህር አትናቴዎስ እጅ የተማራችሁ ሁሉ፣ መምህራችሁ በመጨረሻ ደብተራቸው የጻፉላችሁ እርማት ይህ ነው። «የእንሽላሊቱ ክንብንብ በርግጥ ያስፈራራል፤ ወንዶቹ ግን እርስ በርሳቸውም ይዘረጉታል። የዳይኖሰሮቹን የአንገት ጋሻ ነው ያሉ ነበሩ፤ ሆኖም የብዙዎቹ አጥንት መካከሉ ክፍት ስለሆነ ጥሩ ጋሻ አይሆንም፤ የባለ ሦስት ቀንዱ ግን ድፍን ነው፤ የቀንድ ጠባሳ የሚመስልም ተገኝቶበታል። የመንጋጋ ጡንቻ መያዣ ነው፣ ሙቀት መቆጣጠሪያ ነው ያሉም አሉ። ዛሬ ይበልጥ የሚታመነው ለራሱ ወገን መታያ እንደ ነበረ ነው። ከአንድ በላይ ሥራ ሊኖረው ይችላል። ‹ብቻ› ያልኩት ስሕተት ነው። አስተካክላችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩ።»

መምህር አትናቴዎስ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሙሉመቤትን፣ ልጆቻቸውን ቤተልንና በዕውቀቱን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ ይህን የጻፈውን ታናሽ ወንድማቸውን ፈንታን፣ እንዲሁም ቁጥራቸውን እርሳቸውም የማያውቁትን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። እውነትን የሚወድ አምላክ የአገልጋዩን የአትናቴዎስን ነፍስ በደጋግ አባቶች ዕቅፍ ያሳርፍልን፤ ያወቁትን ሳይሆን የታረሙትን ቆጥሮ በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ለእኛም ስሕተታችንን በሕይወት ሳለን የምንናገርበትን ብርታት ይስጠን። አሜን።