ያልተጠየቀችው አስታማሚ

ፈኪ ጁምዓ ከባምባሲ ወደ አሶሳ ገበያ ሲሄዱ ፀሐይ በረታችባቸውና ከመንገድ ዳር ካለ ሾላ ሥር ከአህያቸው ወረዱ። ልጃቸው ኢንቲሳርም የውሃውን ቅል ይዛ ከኋላቸው ደረሰች። ፈኪ ጁምዓ በመንደራቸው ቁርኣን የሚያቀሩ፣ ሰው ሲታመምም ሎሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ ጽሑፉን በውሃ አጥበው የሚያጠጡ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ ዓመት ግን ክብሩ አልጣፈጣቸውም። ታላቋ ልጃቸው ዐዋጢፍ በክረምቱ በወለደች በሳምንቷ ሞታባቸዋለች። ሰው ሲያጽናናቸው «የአላህ ውሳኔ ነው» ይላሉ፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ሳይጠይቁት የቀረ ነገር እንዳለ ልባቸው ይነግራቸዋል።

ከሾላው ሥር አንዲት ወጣት ሴት ቀድማ ተቀምጣ ነበር። ብኸይታ ናት። በልጅነቷ ወራሪዎች ወደ ሱዳን ወስደው የሸጧት፣ ነፃ ከወጣች በኋላ በኦምዱርማን ከአንድ የሕሙማን ቤት ገብታ ማስታመም የተማረች፣ ከዚያም አገሬ ብላ የተመለሰች ሴት ናት። አሁን በአሶሳ ልጃገረዶችን ሰብስባ ማስታመም ልታስተምር ተነሥታለች። አገሬው «ውሃ ማቀበል የምታስተምረው መምህርት» እያለ ይስቅባታል። ሰው ያልገባው ነገር ሲገጥመው ይስቃል፤ መሳቅ ከመጠየቅ ይቀላልና።

ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ብኸይታ ኢንቲሳርን አየት አደረገቻትና፣ «ፈኪ፣ እህቷን ያስታመመችው ይህች ልጅ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ። ቢፈቅዱልኝ ከእኔ ዘንድ ትማር» አለች።

ፈኪ ጁምዓ ከንፈራቸውን መጠጡ። «ልጄ፣ ማስታመምም ትምህርት ሆነ? ራስ መደገፍ፣ ውሃ ማቀበል፣ ዝንብ ማባረር! ይህን ሴት ልጅ ከእናቷ ጉያ ትማረዋለች። ለዚህ መምህርት ከተሾመ ነገ ለማዛጋትም ትምህርት ቤት ይከፈትልን።»

ብኸይታ ፈገግ አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከተማሪዎችዎ መካከል የቁርኣኑን ሱራ በጆሮው ብቻ የያዘ፣ ፊደሉን ግን የማይለይ አይጠፋም። መካከሉ ላይ ሲጠፋው ምን ያደርጋል?»

«ምን ያደርጋል! እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። እዚያው ሲደርስ ደግሞ ይቆማል።»

«እናቷን በማየት ብቻ የምታስታምምም እንዲሁ ናት። እንዴት እንደሚደረግ ታውቃለች፤ ለምን እንደሚደረግ ግን አታውቅም። በሽታው እናቷ ካየችው ትንሽ ለየት ሲል ትቆማለች። የታመመ ሰው ደግሞ እንደ ሱራ ከመጀመሪያው አይጀመርም። ስለዚህ የእኔ ትምህርት መሠረቱ ‹ለምን› ነው።»

ሽማግሌው መልሱን ወደዱት፤ መውደዳቸውን ግን ለማሳየት አልፈለጉም። «መሠረቱስ ይሁን። ግቡ ምንድን ነው? ሁሉንም ሐኪም ልታደርጊያቸው ነው?»

«አይደለም። ሐኪም መጥቶ ይሄዳል፤ ከበሽተኛው ጋር የምትቀረው አስታማሚዋ ናት። ግቡ አይታ እንድትለይ፣ የለየችውንም ሳትፈራ እንድትናገር ነው።»

«እንድትናገር!» ፈኪ ጁምዓ ድምፃቸው ጠነከረ። «በወርቅ አገር ተወልደሽ ዝምታ ወርቅ መሆኑን አልሰማሽም? ልጃገረድ በሽማግሌ ፊት አፍ እንድትከፍት ነው የምታስተምሪያት?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለም? በሽተኛዋ ራሷ ደክማ መናገር ሲያቅታት አስታማሚዋ ዝም ካለች ማን ይናገርላታል?» ብኸይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይቅርታዎን እለምናለሁ። ዐዋጢፍ ምን ምልክት ነበራት?»

«ትኩሳት ነው አሉኝ። የወሊድ ቤት ወንድ አይገባበትም፤ የደም ነገርም ለአባት አይወራም። እኔ ሎሑን አጥቤ በበር አቀበልሁ።»

«የሎሑ ቃል የአላህ ነው፤ በእርሱ አልከራከርም። ግን አጠገቧ የነበረውን ሰው ጠይቀው ነበር?»

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። አጠገቧ የነበረችው ቅሉን ይዛ ከፊታቸው ቆማለች። እህል አድርሺ፣ እንጨት ልቀሚ ብለዋት ያውቃሉ እንጂ፣ ምን አየሽ ብለዋት አያውቁም።

«ኢንቲሳር» አሉ፣ «ምን ነበረባት?»

ልጅቷ ዓይኗን ከአባቷ እግር ላይ አላነሣችም። «ትኩሳቱ ሳይመጣ ደሟ መጥፎ ሽታ ነበረው። ከሥሯ የሚነጠፈውን ጨርቅ የማጥበው እኔ ነበርሁ። የቤቱ ሴቶች በወንዝ ካጠብሽው ወንዶች ያዩታል፣ ነውር ነው አሉኝ። ስለዚህ ወርቅ ተቆፍሮበት በተተወ ጉድጓድ፣ በረጋ ውሃ አጥቤ፣ ሰው እንዳያየው ከጓዳ አሰጣው ነበር። ሳይደርቅ መልሼ አነጥፍላታለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርሷ ‹ሆዴን አቃጠለኝ፣ ለአባቴ ንገሪልኝ› ብላ ልካኝ ነበር። በሩ ላይ መጣሁ። እርስዎ የሎሑን ውሃ ሰጡኝና፣ ‹እስኪጠጣ ድረስ አፍሽን እንዳትከፍቺ› አሉኝ። ተመልሼ ስወጣ ለሶላት ሄደው ነበር። ከዚያ ወዲያ ፈራሁ።»

የሎሕ ውሃ የያዘ ሰው እስኪያደርስ አይናገርም የሚለው የእርሳቸው የራሳቸው ሥርዓት ነበር። ለአክብሮት ብለው ያወጡት ሥርዓት የልጃቸውን መልእክተኛ አፍ ዘጋባቸው። ፈኪ ጁምዓ መሬት ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ የጠየቁት ከረፈደ ነው።

ብኸይታ ወደ እርሳቸው ጠጋ ብላ፣ «ቢነግሩዎት ትድን ነበር አልልዎትም፤ ያንን አላውቅም» አለች። «የማላውቀውን አላውቅም ማለትም ከተማርሁት አንዱ ነው። የረጋ ውሃና እርጥብ ጨርቅ ግን ለአራስ በሽታ ነው፤ ጨርቁን አፍልቶ ማጠብ፣ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይቻል ነበር። ይህች ልጅም ጥፋተኛ አይደለችም። አይታለች፣ ለይታለች፤ የሚሰማት ነው ያጣችው።»

ሽማግሌው ኢንቲሳርን ወደ ራሳቸው ሳቡና ራሷን ደባበሱ። ከዚያም ቀና ብለው፣ «ውሰጃት። እጅዋን ከማስተማርሽ በፊት ግን መናገሩን አስተምሪልኝ። ያንን እኔ ነኝ የነጠቅኋት» አሉ።

ኢንቲሳር ተማረች፤ ከእርሷም ኋላ ሌሎች ልጃገረዶች ሄዱ። ዛሬ በዚያ መንደር የአራስ ጨርቅ በፈላ ውሃ ታጥቦ በአደባባይ ፀሐይ ላይ ይዘረጋል፤ በጨርቅ የሚያፍር ሰው ካለ ፊቱን ያዙር። የሎሑም ውሃ ከንጹሕ ምንጭ ይቀዳል፤ የሚሸከመውም ሰው አስቀድሞ የበሽተኛውን ሁኔታ ይጠየቃል። አስታማሚዋ ትናገራለች፤ አባትም ባልም ተቀምጦ ይሰማል። በዚህ የተነሣ ከወሊድ ቤት በሕይወት የወጡ እናቶች ብዙ ናቸው፤ አንዳቸውም ግን ዐዋጢፍን አይሆኑም።

ጎረቤቶቻቸው «ፈኪ፣ ይህን ጥበብ ከየት አገኙት?» ብለው ሲያመሰግኗቸው፣ ሽማግሌው ምስጋናውን አይቀበሉም።

«እኔ ልጄን ቀብሬ ተማርሁ» ይላሉ። «እናንተ ሳትቀብሩ ተማሩ።»