የጋሽ ደባልቄ ማዳመጫ

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፤ ጠዋት። ሠላሳ ዓመት የሠርግ ድምፅ ማጉያ ሲያከራዩ ኖረው አሁን በእጃቸው የጆሮ ማዳመጫ የሚሠሩት ጋሽ ደባልቄ፣ የራዲዮ ድራማ ድምፅ የምታቀናብረውንና በቴሌግራም ቻናሏ ማዳመጫ የምትገመግመውን ነጂባን ወርክሾፓቸው አስጠርተው፣ ገና በሩን ሳታልፍ ይሟገቷታል።)

ደባልቄ፦ አጥፊው አልኩሽ! አሁን፣ እዚሁ፣ ዓይኔ እያየ!

ነጂባ፦ ኧረ ጋሽ ደባልቄ፣ መጀመሪያ እንደምን አደርሽ ይበሉኝ።

ደባልቄ፦ ምኑን አደርኩት! «ምቾቱ ትራስ፣ ድምፁ ምላጭ» ብለሽ ከለጠፍሽ ወዲህ ከተማው መቀለጃ አድርጎኛል። ትናንት ሳቢያን ልሄድ ባጃጅ ብይዝ ሹፌሩ ምን አለኝ መሰለሽ? «ጋሼ፣ ፂሜ አድጓል፣ አንድ ማዳመጫ ያውሱኛል?»

ነጂባ፦ ኪኪኪ! ይቅርታ… ይቅርታ፣ አምልጦኝ ነው።

ደባልቄ፦ ሳቂ፣ ሳቂ። ስቀሽ ስትጨርሺ ታጠፊዋለሽ።

ነጂባ፦ ትራሱንስ ለምን አይቆጥሩልኝም? ግማሹ እኮ ሙገሳ ነው።

ደባልቄ፦ ትራሱን ማን ያስታውሳል! አሥራ አንድ ሺህ ተከታይ አለሽ፣ አሥራ አንድ ሺውም ምላጩን ብቻ ነው የያዘው። ራዲዮ ጣቢያው ለጋዜጠኞቹ ሃያ ማዳመጫ ሊያሠራኝ ነበር፤ ይኸው ትናንት ከጣቢያው ወይዘሮ ፀዳለ ደውላ «እስቲ ትንሽ እንቆይ» አለችኝ። እንቆይ ማለት ምን እንደሆነ አጥተሽው ነው? በጨዋ አፍ አንፈልግም ማለት ነው።

ነጂባ፦ ይኼንን አላወቅኩም። እውነቴን ነው፣ አዝናለሁ። ግን የሰማሁትን ነው የጻፍኩት።

ደባልቄ፦ ምን ሰማሽ?

ነጂባ፦ ድራማ እያቀናበርኩ ነበር። ተዋናይዋ «ስስ ሻሼን ስጠኝ» ስትል አራት መርፌ ጆሮዬ ውስጥ ተሰካ። «ሰ» እና «ሸ» በመጣ ቁጥር ትከሻዬ ይሸማቀቃል። ጸናጽል ሲመታማ አውልቄ ወረወርኩት።

ደባልቄ፦ ወረወርሽው?

ነጂባ፦ ፍራሽ ላይ ነው፣ አይደንግጡ።

ደባልቄ፦ ተዋናይዋ ጥርሷ ሳስቶ ይሆናል። ደግሞ የውጪ ዕቃ አፍቃሪ መሆንሽን ሰምቻለሁ። ስሙ የገነነ ሲሆን አፍሽ ይለሰልሳል።

ነጂባ፦ ኧረ አቦ! ባለፈው ወር ሁሉም የሚሰግድለትን የውጪ ማዳመጫ ምን እንዳልኩት አላነበቡም? «ስሙ ከድምፁ ይበልጣል፣ ጭንቅላት እንደ ጉጠት ይይዛል፣ በድሬ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ካደረጋችሁት ጆሯችሁ ይቀቀላል» ነው ያልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ተሰድቤያለሁ።

ደባልቄ፦ ይቀቀላል አልሽ? ሃሃ! ደግ አደረግሽ። ላስቲክ ነገር ነው የሚያለብሱት። የኔ ግን አቡጀዲ ነው፣ ውስጡ የተባዘተ ጥጥ። ላብ ይመጥጣል፣ ራስ አያጣብቅም።

ነጂባ፦ እሱን ማን ካደ! ሰባት ሰዓት አድርጌው ሠርቼ፣ ራሴ ላይ እንዳለ ረስቼው ልወጣ ስል ገመዱ ነው የያዘኝ። እንደ እርስዎ ለጆሮ የሚያስብ ሠሪ አላጋጠመኝም። ለዚያ እኮ ነው የተናደድኩት። ይህን የመሰለ ቤት ሠርቶ ውስጡ ምላጭ ማስቀመጥ ምን ይሉታል?

ደባልቄ፦ ምላጭ የለም ነው የምልሽ! ራሴ እያንዳንዱን ሰምቼ ነው የማወጣው። ጥርት ያለ ነው። እንዲያውም አሁን ገና ነው የልቤን የሠራሁት። የድሮዎቹን ብትሰሚ ታፍሪልኝ ነበር።

ነጂባ፦ የድሮውንማ ይዤው መጥቻለሁ። ይኸው።

ደባልቄ፦ አምጪ እስቲ… ይቺ ከመጀመሪያዎቹ ናት! የዋንዛ እንጨቱ እንዴት አማረበት! ከየት አገኘሻት?

ነጂባ፦ ከእርስዎ ነዋ! አምስት ዓመት ሆነኝ ከገዛሁ። ገና ኮሌጅ እያለሁ ነው። በሷ ሳዳምጥ ክራር ተጫዋቹ ጣቱን ከክር ክር ሲያሻግር ሰማሁት። ከዚያ በፊት ዘፈን ሰምቼ አላውቅም ነበር ማለት ነው ብዬ አለቀስኩ። ቻናሉንም የከፈትኩት በሷ ምክንያት ነው።

ደባልቄ፦ በዚች? በይ ስልክሽን ሰኪው፣ እኔም ልስማት። … አይ! አይ ነጂባ! ይኼ እኮ አፉን በነጠላ ሸፍኖ የሚያወራ ሰው ነው። በዚች ነው ሰው ያሞገሰኝ? እንኳንም አሻሻልኩ።

ነጂባ፦ ምን አደረጉ? ሲያሻሽሉ ማለቴ ነው።

ደባልቄ፦ ከስፒከሩ ፊት የተነባበረች ስስ ጨርቅ ነበረች፤ ድምፁን ትንሽ የምታለዝብ። ካቻምና ድምፁ እየታፈነ መጣብኝ። አንዷን ንብርብር አነሳሁ፤ ለቀቅ አለ። አምና ደግሞ ታፈነ። ሁለተኛዋን አነሳሁ። ዘንድሮ ጨርቅ የሚባል የለም፣ መስኮቱን ብርግድ ነው ያደረግኩት!

ነጂባ፦ ስፒከሩ ያው ነው?

ደባልቄ፦ ያው ነው። ከዚያው ሰው ነው የማስመጣው።

ነጂባ፦ በየዓመቱ ይታፈናል?

ደባልቄ፦ በየዓመቱ። ምነው እንዲህ አየሽኝ?

ነጂባ፦ ጋሽ ደባልቄ፣ ይቀመጡ እስቲ። አንድ የቀዳሁት ድምፅ ላሰማዎት። አመሻሽ ላይ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው የቀዳሁት። የሚሰሙትን ይንገሩኝ።

ደባልቄ፦ እሺ… ነፋስ አለ። ሩቅ ውሻ ይጮኻል። ባጃጅ አለፈ፤ ባጃጁ የሞተር ችግር አለበት። ደረቁ ወንዝ ላይ ሰው ይራመዳል፣ አሸዋው ይሰማኛል።

ነጂባ፦ ጎበዝ። ሌላስ?

ደባልቄ፦ ሌላ የለም።

ነጂባ፦ ፌንጣው?

ደባልቄ፦ የምን ፌንጣ?

ነጂባ፦ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚጮኸው። እኔ ውሻውን የምሰማው በፌንጣው መሃል ተሹለክልኬ ነው።

ደባልቄ፦ አትቀልጂ።

ነጂባ፦ አልቀልድም። ሌላ እንሞክር። አንዲት ቀጭን ድምፅ እከፍታለሁ። ስትሰማዎት እጅዎን ያንሱ። … እህ። … እህ። ጋሽ ደባልቄ!

ደባልቄ፦ አቤት። አነሳሁ አይደል?

ነጂባ፦ የሚያነሱት የኔን አውራ ጣት እያዩ ነው። ያሁኑን አልከፈትኩትም፣ ስልኩን ጠረግኩት እንጂ።

ደባልቄ፦ ልማድ ነው። ሠላሳ ዓመት የዘፋኝ እጅ እያየሁ ነው ድምፅ ስከፍትና ስዘጋ የኖርኩት።

ነጂባ፦ እንግዲያው ጀርባዬን ልስጥዎት። አሁን ይጠብቁ።

ደባልቄ፦ እሺ። … ጀምሪያ። … ነጂባ፣ ጀምሪ እንጂ!

ነጂባ፦ ጨረስኩ።

ደባልቄ፦ ምኑን?

ነጂባ፦ አምስት ጊዜ ከፈትኩ፣ አምስት ጊዜ ዘጋሁ።

ደባልቄ፦ አምስት ጊዜ?

ነጂባ፦ ወፍራሙንና መካከለኛውን ከኔ የተሻለ ይሰማሉ። የባጃጁን ሞተር እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። ቀጭኑ ነው የሄደው። ለዚያ ነው ጨርቁን በየዓመቱ የሚያነሱት። ማዳመጫው አልታፈነም፣ ጋሽ ደባልቄ።

ደባልቄ፦ ገባኝ። አትድገሚው፣ ገባኝ።

ነጂባ፦ ውሃ ላምጣልዎት?

ደባልቄ፦ ውሃ ምን ያደርግልኛል! ቆይ… ቆይ እስቲ። አሁን ውጪ ኒም ዛፏ ላይ ወፍ አለ?

ነጂባ፦ አለ።

ደባልቄ፦ ብዙ?

ነጂባ፦ ገና ከመግባቴ ጀምሮ እየተንጫጩ ነው።

ደባልቄ፦ ወይ ጉዴ! እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ወፍ ከድሬ ተሰደደ እያልኩ ነው። አምና ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቼ «ዛፉን ቆርጣችሁ ወፉን አባረራችሁ!» ብዬ ሊቀ መንበሩ ላይ ጮህኩበት።

ነጂባ፦ እሱስ ምን አለ?

ደባልቄ፦ ይቅርታ ጠየቀኝ!

ነጂባ፦ ሃሃሃ! ኧረ በስመአብ… እኔን ሙስሊሟን በስመአብ አስባሉኝ!

ደባልቄ፦ በጭብጨባ ነው የተቀመጥኩት። ሰው ሁሉ «እውነት ነው፣ ወፍ የለም» አለ። እነሱስ ምን ነክቷቸው ነው? … ምን ይላሉ አሁን?

ነጂባ፦ ወፎቹ? የሚጣሉ ይመስለኛል። አንዷ ቅርንጫፍ የተወሰደባት ነው የምትመስለው።

ደባልቄ፦ ይጣሉ፣ ይጣሉ። ኖረው ይጣሉ። እኔ ሞተዋል ብዬ ነበር።

ነጂባ፦ እንዲህ ሲሆኑ እኔም ሆዴ ይባባል።

ደባልቄ፦ አይባባ። ብቻ ወርክሾፑን መዝጋት ሊኖርብኝ ነው። ጆሮ የሌለው ሰው ለጆሮ ዕቃ ልሥራ ቢል ማን ያምነዋል? ሁሉም ይስቅበታል እንጂ።

ነጂባ፦ ማን ዝጉ አለዎት? ያን ትራስ ማን ይሠራልናል? ዋንዛውን እንዲህ አሳስቶ የሚፍቅ ማን አለ? የጎደለው አንዲት ጨርቅ ናት። መልሰው ያስገቡ።

ደባልቄ፦ የዛሬ ጨርቅ እንደ ድሮው አይደለም፤ ስንት ንብርብር? አንድ? ሁለት? በምን ላውቅ ነው? እኔ እንደሆነ ሁሉም ነጠላ የሸፈነው ሆኖብኛል። … አንቺ ንገሪኝ። አንቺ ስሚልኝ። እኔ እሠራለሁ፣ አንቺ ትሰሚያለሽ።

ነጂባ፦ አልችልም።

ደባልቄ፦ ምነው?

ነጂባ፦ የምገመግመውን ዕቃ ራሴ ካስተካከልኩት ማን ያምነኛል? ሰው የሚሰማኝ ከማንም ጋር ስላልወገንኩ ነው። ነገ «ምላጭ ያለችው ሥራ ልትለምን ነው» ይሉኛል። የእርስዎም ስም አይድንም፣ የኔም ይሄዳል።

ደባልቄ፦ እውነትሽን ነው። ይኼን አላሰብኩም። … እንግዲያው አንቺ ብቻሽን አትስሚ።

ነጂባ፦ እንዴት?

ደባልቄ፦ አሥራ አንድ ሺህ ሰው አለሽ አይደል? ጆሮ ያለው ይምጣ። ሐሙስ ከሰዓት፣ እዚሁ። አንድ ንብርብር፣ ሁለት፣ ሦስት አድርጌ እደረድራለሁ። የመረጡትን እሠራለሁ። ስልክሽን አምጪ፣ ድምፄን ቅጂው።

ነጂባ፦ ምን ሊሉ ነው?

ደባልቄ፦ እውነቱን።

ነጂባ፦ ጋሽ ደባልቄ፣ ይኼ ባጃጅ ሹፌሩ ከቀለደው በላይ ሊያስቀልድብዎት ይችላል። ዛሬ ይደሩበት፣ ነገ እንቅዳ።

ደባልቄ፦ ነገማ ወኔዬ ይሄዳል። ቅጂ!

ነጂባ፦ እሺ… ይናገሩ፣ እየቀዳ ነው።

ደባልቄ፦ እህህ። ደባልቄ ነኝ፣ ማዳመጫ የምሠራው። ልጅቷ ያለችው ልክ ነው፣ ምላጭ ነው። ጆሮዬ ቀጭን ድምፅ መስማት አቁሟል። ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅኩት። ሠላሳ ዓመት በሠርጋችሁ ስፒከር ሥር ቆሜ ነው ያጣሁት፣ ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ሁላችሁም ዕዳ አለባችሁ። ሐሙስ ስምንት ሰዓት ከዚራ ኑና ስሙልኝ። ከኔ የገዛችሁም ይዛችሁ ኑ፣ አስተካክላለሁ። አዎ፣ ደግሞ… ለቀበሌያችን ሊቀ መንበር፦ ወፎቹ አሉ። ይቅርታህን መልሻለሁ። በቃ።

ነጂባ፦ አቆምኩት።

ደባልቄ፦ አላማረም?

ነጂባ፦ ቻናሉ ላይ ለቅቄዋለሁ። አልቆረጥኩም፣ ምንም አልነካሁም። አንዲት ቃል አላስተካከልኩም።

ደባልቄ፦ ታዲያ ምን ይላሉ?

ነጂባ፦ ገና አንድ ደቂቃው ነው እኮ! … ቆይ፣ እየመጡ ነው። «የኔ ሠርግ ላይ ነበሩ፣ እመጣለሁ።» «አባቴም እንዲሁ ቴሌቪዥኑን ይወቅሳል።» ይቺ ደግሞ «እኔም ማዳመጫዬን ወርውሬው ነበር፣ አልጋ ሥር ነው ያለው፣ አውጥቼ ይዤ እመጣለሁ።» ሃያ ሁለት ሰው እጁን አወጣ። ሃያ አምስት።

ደባልቄ፦ ሃያ አምስት? የት ላስቀምጣቸው ነው? ሁለት በርጩማ ነው ያለኝ!

ነጂባ፦ የሠርግ ወንበር የሚያከራይ ሰው ሳያውቁ አይቀሩም። … ውይ! ወይዘሮ ፀዳለ ጽፋለች።

ደባልቄ፦ ምን አለች? ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ነጂባ፦ «ሁለት ጋዜጠኛ ይዤ እመጣለሁ። እንዲህ ለሥራው የሚጨነቅ ሰው እያለ ሌላ ጋ አልሄድም። ጋሽ ደባልቄን ጠብቁኝ በይልኝ።»

ደባልቄ፦ ጠብቁኝ አለች? እንቆይ ሳይሆን ጠብቁኝ?

ነጂባ፦ ጠብቁኝ ነው የሚለው። ይዩት።

ደባልቄ፦ አቦ፣ ተባረኪ! ጨርቅ መግዛት አለብኝ። ዋንዛም መጥረብ አለብኝ። ሐሙስ ስንት ቀን ቀረው?

ነጂባ፦ ሦስት። በሉ እኔ ልሂድ፣ ሥራ ይጠብቀኛል። ሐሙስ ከሰው ጋር ተሰልፌ እሰማለሁ። ካላማረኝ ደግሞ እጽፋለሁ፣ ይኼንን ይወቁት።

ደባልቄ፦ ጻፊ። ማን ከለከለሽ? … ነጂባ፣ ቆይ እስቲ። ረቡዕ ጠዋት ምን ላይ ነሽ?

ነጂባ፦ ምነው?

ደባልቄ፦ የጆሮ ሐኪም ጋ ልሄድ ነው።

ነጂባ፦ ጎሽ! ይኼንን እንዴት ልበልዎት እያልኩ ስጨነቅ ነበር። ታዲያ እኔ ምን ልርዳ?

ደባልቄ፦ አብረሽኝ ትሄጃለሽ። ተራ የምትጠራዋ ልጅ ድምፅዋ ቀጭን ከሆነ፣ ስሜን የሚሰማልኝ ሰው ያስፈልገኛል።