ዝናብም ድምፅ አለው?

እዚሁ ሶዶ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ምሕረት የምትባል፣ ከተወለደች ጀምሮ መስማት የማትችል ልጅ አለች። ሰሌዳውን እያነበበች፣ የቀረውን ከጓደኛዋ ደብተር እየገለበጠች ትማራለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቼን ኢንተርኔት ላይ ኮድ አስጻፍኳቸው፤ ኮዱ ሲሠራ፣ ላፕቶፓቸው ድምፅ በሰማ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ያለ ሰማያዊ ክብ ይሰፋል። አንዱ ሲያፏጭ፣ ሌላዋ ስትስቅ ክቡ እንደ ኩሬ ውሃ ሰፋ ጠበብ ይላል። ምሕረትም አንዴ አፋቸውን፣ አንዴ ክቡን እያየች ፈገግ ትላለች።

በዚህ መሀል ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ። እንደ ልማዴ ጠመኔዬን አስቀምጬ ዝም አልኩ፤ ክፍሉም ዝም አለ። ክቦቹ ግን በየስክሪኑ ላይ እየተንቀጠቀጡ አበጡ። ምሕረት ዞር ዞር ብላ የሁላችንንም አፍ አየች። ሁሉም ዝግ ነው። ደብተሯ ላይ ጽፋ አሳየችኝ፦ «ቲቸር፣ ማነው የሚናገረው?»

በጣቴ ወደ ጣሪያው አመለከትኳት።

«ዝናብም ድምፅ አለው?» ብላ ጻፈች። ትንሽ ቆይታ ከሥሩ ጨመረችበት፦ «ዝናብ ሲመጣ ዝም የሚሉት በእኛ ተናደው ይመስለኝ ነበር።»

ሁለት ዓመት ሙሉ አስተምሬያታለሁ። እስክሪብቶዋን ተቀብዬ «ድምፄን ስለሚውጠው ነው» ብዬ ጻፍኩላት። አንብባ ሳቀች። ጓደኞቿ ወንበራቸውን እየጎተቱ ከበቧት፤ ዝናቡ ሲያባራ ክቡ ቀስ በቀስ እየጠበበ ነጥብ እስኪያክል ድረስ አብረናት አየን። ከዚያም በኋላ፣ ክቡ እንዳይነቃባት ይመስል፣ ማንም ትንፍሽ አላለም።