አንዱ መኪና ቤት ይቀራል

በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ በከተማችን በኤልደን የእሳት አደጋ ጣቢያ እንደ ልማዳችን ለቁርስ ተሰብስበን ፓንኬክ ስንበላ፣ አቶ ኦርቪልንና የእህታቸውን ልጅ ሮክሳንን አንድ ጠረጴዛ ላይ አገኘኋቸው። የአሜሪካ መንግሥት ለኢራቅ መልሶ ግንባታ የሚልከውን ገንዘብ እንደግፍ ወይስ እንቃወም? የከተማው ሰዎች ለእንደራሴያችን ደብዳቤ ጻፍ ብለውኝ ነበር። መምህር ነህ፣ አንተ ታውቃለህ አሉኝ። እኔ ግን ምኑንም አላውቀውም።

አቶ ኦርቪል የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቻችን አለቃ ናቸው። ቤታቸው ከጅረቱ ማዶ ነው፤ ድልድዩ ስላረጀ ከባድ መኪና እንዳያልፍበት ከታገደ ሁለት ዓመቱ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሎርና በኦክስጅን የሚተነፍሱ የአልጋ ቁራኛ ናቸው። እዚያ እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪናችን ወዲህ ማዶ ቆሞ ከማየት በቀር አይረዳቸውም።

«እንዲያው አንቺ፣» አሉ አቶ ኦርቪል ሹካቸውን ቀስረው፣ «ወታደር ሆነሽ ኢራቅ ሄደሽ ለማያውቁሽ ሰዎች ድልድይ ሠርተሽ መጣሽ። የሎርና ድልድይስ?»

«እዚያ ያፈረስነው እኛው ነን፣ አጎቴ። የሰበረ ይጠግናል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም?»

«እሱማ የቤቴን መስኮት በኳስ ስትሰብሪ ነው!»

«ሃርሞን ስትቃጠልስ መኪና የላከው ማን ነው? ለጎረቤት ከተማ ምን አስጨነቀዎት?»

«ላክሁ። ግን አንዱን! ያሉን ሁለት ናቸው፤ አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ቤት ይቀራል። ከአባቴ ጀምሮ ሕጋችን ይኸው ነው። መንግሥትሽ ግን ሁለቱንም ላከ። ከራስ በላይ ነፋስ!»

ልክ ናቸው ብዬ ጻፍኩ።

«ወፍጮ ቤታችን የተቃጠለ ዕለት የሃርሞን ሰዎች ባይደርሱልን፣ ያ ቤት የቀረው መኪና ብቻውን ምን ይፈይድልን ነበር?» አለች ሮክሳን።

እሷም ልክ ናት፤ የጻፍኩትን ሰረዝኩ። ወረቀቴ ተዥጎረጎረ፣ እኔም ግራ ገባኝ።

ይህን ጊዜ ሳይረኑ ጮኸ። ሃርሞን ውስጥ የእህል መጋዘን ተያይዟል። ከራስ በላይ ነፋስ ያሉት ሰውዬ ከሁሉም ቀድመው ካፖርታቸውን ለበሱ።

«ወይዘሮ ሎርናስ?» አልኳቸው።

«ሕግ ሕግ ነው። አንዱ ይሄዳል፣» ብለው ወጡ። መኪናው ላይ ሲወጡ ግን ዓይናቸው ወደ ጅረቱ ማዶ ነበር።

ለሩቅ ሰው ስትሟገት የነበረችው ሮክሳን ደግሞ ሃርሞን አልሄደችም። የጣቢያውን ትንሽ የውሃ ፓምፕ ከእኔ ጋር ተሸክማ፣ ድልድዩ የሚችላት ቀላል ፒክአፗ ላይ ጫነች፤ ድልድዩን ተሻግረን ከአጎቷ ቤት አጠገብ ቱቦውን ጅረቱ ውስጥ ነከርን። አጎቷ እስኪመለሱም ከወይዘሮ ሎርና አጠገብ አልተለየችም።

አቶ ኦርቪል ሲመሽ ጥቀርሻ ለብሰው መጡ። ፓምፑን አይተው ቆሙ።

«ይህን ማን አዘዘሽ?»

«የእርስዎ ሕግ። አንዱ ቤት ይቀራል።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። «ዛሬ ካንቺ የተሻለ አለቃ አልነበረንም፣» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ «ገንዘቡን ይላኩ ብለህ ጻፍ። ግን ለቤት የሚቀረውን ካስቀሩ በኋላ።»

እንዳሉት ጻፍኩ። ጎረቤቱን የረዳ በክፉ ቀኑ ደራሽ ያገኛል፤ ቤቱን የጠበቀም ነገ የሚረዳበት አቅም አያጣም ብዬ ጨመርኩበት፤ ሦስታችንም ፈረምን። ማን ማንን እንዳሳመነ ግን ዛሬም አልገባኝም።

የእንደራሴያችን መልስ እስኪመጣ ፓምፑ ከወይዘሮ ሎርና መስኮት ሥር ይቆይ አለች ሮክሳን። እስካሁን እዚያው ነው።