በሰሊጥ ጆንያ የተጠቀለለው ራውተር

ከኮኪት ወደ መተማ ዮሐንስ በሚኒባስ ስንሄድ ከፊቴ አንድ መምህርና አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠዋል። መምህሩ በሰሊጥ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል።

«ምንድን ነው መምህር?»

«አሮጌ ኮምፒውተር ነው አባባ። ለቤቴ ራውተር አደረግኩት። ኢንተርኔት ያካፍላል፤ ተንኮል ያለበት ነገር ሲመጣ ደግሞ ከበር ይመልሳል።»

«ዘበኛ ነዋ። የት ትወስደዋለህ?»

«ውስጡ ተሰክቶ ዋይፋይ የሚያሰራጭለት ካርድ ልገዛለት።»

«ለአንድ ካርድ ይህን ሁሉ ተሸክመህ?»

«ሁለት ጊዜ ባዶ እጄን ሄጄ ገዛሁ። አንዱን ኮምፒውተሩ ጭራሽ አላወቀውም። ሁለተኛው ከሌላ ዋይፋይ ይቀበላል እንጂ ራሱ አያሰራጭም። ሻጩ ግን ሁሉም አንድ ነው ይላል።»

«እኛ የትራክተር ዕቃ ስንገዛ የተበላሸውን ይዘን ነው የምንሄድ። በቃል አይገዛም።»

«ይሄ መጀመሪያውኑ ካርድ አልነበረውም። ስለዚህ ራሱን ይዤው መጣሁ። እዚያው ሰክቼ፣ ዋይፋዩን በስልኬ ሳላይ ከሱቁ አልወጣም።»

«አሁን ገበሬ ሆንክ» አሉት ሽማግሌው፣ ጆንያውን መታ መታ እያደረጉ።

እኔ ደግሞ የተበጠሰውን የውሃ ፓምፕ ቺንጋ እቤት ትቼ፣ አዲስ ለመግዛት ልኩን ብቻ የጻፍኩበትን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ አየሁና መልሼ አጠፍኩት።